ሥጋውን ይዞ የመጣው እንግዳ

ሰው ሁሉ የየራሱ ሱስ አለው። አንዱ ጫት ይቅማል፣ አንዱ ሲጋራ ያጨሳል፣ እኔ ምክር እሰጣለሁ። ጫት ሲወደድ ይተዋል፣ ሲጋራም ሳል ሲበዛ ይቆማል። ምክር ግን ነጻ ነው፤ ሰጪውን አያከስርም። የሚከስረው ተቀባዩ ነው።

ቡታጅራ ከተማ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ የልጆች ፖፖ እሸጣለሁ። ባልዲ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ትዳሩ፣ ስለ ጨጓራውና ከጎረቤቱ ጋር ስላለው የድንበር ክርክር በደንብ ተመክሮ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ከመሰላቸቱ የተነሳ ባልዲውን ረስቶ ይሄዳል። ታላቅ እህቴ ሐዋ «አንተ ከሱቁ ይልቅ ምላስህን ብታከራየው ያዋጣህ ነበር» ትለኛለች። ሐዋ ስትናገር እንዲህ ናት፤ አንጀቷ ግን ሌላ ነው።

ታዲያ ኢንተርኔት ያለው ስልክ እጄ ሲገባ ምን እንደተከተለ መገመት ትችላላችሁ። ዘመኑ ሁሉም ነገር ልማታዊ የሚባልበት ዘመን ነበር። ልማታዊ ገበሬ ነበር፣ ልማታዊ ባለሀብት ነበር፤ እኔም ራሴን በራሴ ልማታዊ መካሪ አድርጌ ሾምኩ። መንገደኞች ከዓለም ዙሪያ የሚጠያየቁበት አንድ ድረ ገጽ አገኘሁ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ከቡታጅራ ዝዋይ ያለው መንገድ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። «አቧራ አለው፤ ነጭ ልብስ አትልበሺ» ብዬ መለስኩ። አመሰገነችኝ። ለምክሬ ስመሰገን በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ስለነበር ያን ቀን ሱቅ ዘግቼ ነው የዋልኩት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ስለ ዳሎል ሙቀት መከርኩ፣ ስለ ሰሜን ተራራ ብርድ መከርኩ። ላሊበላን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፤ ግን «ጫማህን አውልቀህ ግባ» ብሎ ለመምከር የግድ መሄድ ያስፈልጋል እንዴ? እንግሊዝኛዬ አንካሳ ቢሆንም ይሄዳል። ድረ ገጹም ውለታዬን አይቶ ከስሜ ጎን ኮከብ ለጠፈልኝ። ኔትወርክ ሲጠፋ ከሱቄ ጀርባ ያለው የአሸዋ ክምር ላይ ወጥቼ ስልኬን ወደ ሰማይ ስዘረጋ ያየኝ ሁሉ ጨረቃ የምፈልግ ይመስለው ነበር።

ስሜን ያስጠራው ግን ስለ አበላላችን የጻፍኩት ምክር ነው። «ጉራጌ ቤት ከገባችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ» አልኩ። «የቀረበላችሁን ሁሉ እምቢ ሳትሉ ብሉ፣ ጠጡ። ክትፎ ጥሬውን ሲመጣ ፈጽሞ እሳት አትጠይቁ፤ የቤቱ እመቤት ልቧ ይሰበራል» አልኩ። እውነቱን ለመናገር የእኔ እናት ለእንግዳ ክትፎ ስታቀርብ «ለብለብ ላድርግልህ ወይስ ጥሬውን?» ብላ ራሷ ትጠይቃለች። ግን እንዲህ ብሎ መጻፍ ኮከብ ያስገኛል? አያስገኝም።

ወደ እናቴ ከመጣሁ ላይቀር የነገሩን ሥር ልንገራችሁ። አባታችን ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ እናቴ ሥጋ ወደ አፏ አላስገባችም። የተሳለችው ነገር የለም፣ ሐኪምም አልከለከላትም። «አላሰኘኝም» ትላለች፣ በቃ። እኛ ስንበላ ቆማ «ብሉ እንጂ» እያለች ታየናለች፤ እሷ ጓዳ ገብታ ቆጮዋን በጎመን ትቀምሳለች። እየከሳች ሄደች። ባለፈው አረፋ እርድም አልነበረም፣ በራችን ተዘግቶ ዋለ። አረፋ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ሱቁን ቆልፎ አገር ቤት ይገባል፣ ሰንጋ ይጣላል፣ እናቶች ለዚያ ቀን ብለው ያጠራቀሙት ቅቤ ይወጣል። በአረፋ የተዘጋ በር መንደሩን ሁሉ ያሳዝናል።

ዘንድሮ ግን እኔና ሐዋ ተማከርን። እማዬ በዚህ አረፋ ሥጋ ካልቀመሰች ከእንግዲህ አትቀምስም አልን። እንዴት ይሁን? እናቴ ልጆቿን እምቢ ትላለች፣ ወንድሞቿን እምቢ ትላለች፤ እንግዳን ግን እምቢ ብላ አታውቅም። እንግዳ ያስፈልገናል ማለት ነው። የመንደር ሰው ደግሞ እንግዳ አይሆንም፤ በአረፋ ቀን ሁሉም የየራሱ ቤት አለው።

አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ በዚያው ሳምንት ያሲን የሚባል የኬፕታውን ሰው ድረ ገጹ ላይ ጠየቀ። ሙስሊም ነው፣ መካኒክ ነው፣ በሞተር ሳይክል ከግብፅ ተነስቶ ወደ አገሩ ይወርዳል። አረፋ በመንገድ ላይ ሊይዘው ነው። ብቻውን የሆነ ሰው የት ይስገድ፣ ከማን ጋር ይብላ? «ከእኛ ጋር!» ብዬ ጻፍኩ።

ለእናቴ ስነግራት ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአፍሪካ ጫፍ፣ እማዬ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው።»

«ውይ ልጄን! ያን ሁሉ መንገድ!» አለችና ጓዳ ገብታ የቅቤውን ቅል ከፍታ አሸተተች። ሐዋ አየችኝ፣ አየኋት። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አታነቡም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እኔ ደግሞ ተራዬን ምክር ልጠይቅ አማረኝ። «የደቡብ አፍሪካ ሰው እንዴት ይስተናገዳል?» ብዬ ለጠፍኩ። ወዲያው መልስ ጎረፈ። ለካ እነሱ ሥጋ የሚጠብሱበት ወግ አላቸው፤ ብራይ ይሉታል። እንግዳው ሥጋውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ የሚያቀርበው እሳት ነው። እንጨቱ ነድዶ ነድዶ ፍም እስኪሆን ወንዶቹ ዙሪያውን ቆመው ያወራሉ፤ እስከዚያ ማንም አይበላም። እሳት የያዘውን፣ ማለትም የሚጠብሰውን ሰው እሳት መንካት ደግሞ ሚስቱን ከመሳደብ አይተናነስም። አንዱ መካሪ፣ ኮከቡ ከእኔ የሚበልጥ፣ «እሳት ካላሳየኸው በር ላይ ያስቀረኸው ነው የሚመስለው» ብሎ ደመደመ። ለካ ያን የመሰለ እንግዳ ጋብዤ በጥሬ ሥጋ ላዋርደው ነበር!

በማግስቱ ብየዳ ቤት ሄጄ የመስኮት ፍርግርግ ገዛሁ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ አበባ ያለው ነው። ሐዋ ስታየው «የትኛው መስኮት ተሰበረ?» አለችኝ። «የእንግዳው መጥበሻ ነው» አልኳት። «አላዋቂ ሳሚ» ብላ ጀምራ ተወችው። የቀረውን ራሴ ጨረስኩት።

አረፋ ደረሰ። ከሶላት መልስ ሰንጋው ታረደ፣ ግቢው እንግዳውን ሊያይ በመጣ ሰው ሞላ። ሐጂ ሱሩር፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የመንደሩን ጠብ ሁሉ የሚዳኙት ሰው፣ ብልቱን ሲያስለዩ ያሲን በሞተሩ ደረሰ። ፀጉሩ አቧራ፣ ፊቱ ፈገግታ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም! ዒድ ሙባረክ!» አለ። ግቢው ሁሉ «ወዐለይኩሙ ሰላም!» ብሎ መለሰ፤ እናቴ ትከሻው ላይ ያለውን አቧራ በነጠላዋ አራገፈችለት። እስከዚህ ድረስ ማሻአላህ ነው።

ከዚያ ያሲን ከሞተሩ ላይ ፌስታል ፈታ። ለእናቴ በሁለት እጁ ሰጣት። ከፈተችው። ሥጋ ነው። ማታ ከተማ ሥጋ ቤት የገዛው፣ በደንብ የተመረጠ ጎድን። እኔ ነኝ «ባዶ እጃችሁን አትሂዱ» ያልኩት፤ ስኳር ወይም ፍራፍሬ ማለቴ ነበር። ለእሱ ደግሞ በአገሩ ባዶ እጅ አለመሄድ ማለት ሥጋ ይዞ መሄድ ነው።

ሐጂ ሱሩር ቢላቸውን አስቀመጡ። አንድ ሙሉ ሰንጋ ከፊታቸው ተገፍፎ ተኝቷል። ፌስታሉን አዩ፣ ሰንጋውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እዚህ ቤት ሥጋ የለም ብሎ የነገረው ማነው?» አሉ።

የእናቴ ፊት ሲጠቁር አየሁት። እኔም ቶሎ መፍትሔ ልስጥ ብዬ፣ «ይቅርታ አጎቴ፣ ሐኪም ያዘዘለት ሥጋ ነው፤ ሌላ እንዳይበላ ተከልክሏል» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጓዳ ገባ። ከጓዳ ሲወጣ ያሲን በጠና ታሟል።

እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ወይኔ! ታሞ ነው በሞተር የሚንከራተተው? እናቱ ምን ትሁን!» አለችና ገባች። ጥቂት ቆይታ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አጥሚት ይዛ መጣች። ያሲን የቀረበለትን እምቢ እንዳይል በእኔው ተመክሯል። ግጥም አድርጎ ጠጣው። እኛ ዘንድ ባዶ ሳህን «ድገሙኝ» ማለት ነው፤ ተደገመ። ያንንም ጠጣው። በሦስተኛው ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በዒድ ቀን የምትበሉት ይሄን ነው?» አለኝ።

«መግቢያው ነው» አልኩት።

በዚህ መሀል ክትፎው ወጣ። በጣባ ተደርጎ፣ አይቡና ጎመኑ ጎን ለጎን፣ ቅቤው እያበራ። ሐዋ በያሲን ፊት ልታስቀምጥ ስትል እናቴ «ኧረ ተዪ! ሆዱን ልትገድዪው ነው?» ብላ አነሳችው። የያሲን ዓይን ጣባውን ተከትሎ ግቢውን ዞረ። እናቴም አልቀመሰችም፤ የታመመ እንግዳ አጥሚት እየጠጣ እሷ ሥጋ ልትበላ? ሐዋ ከጓዳ በር ላይ ሆና በዓይኗ ጎረጎረችኝ። ያቀድነው ሁሉ ገደል ገብቷል።

አሁን የቀረኝ እሳቱ ነው ብዬ ፍልጡን ከምሬ ግቢው መሀል አነደድኩ። ፍርግርጉን ከነአበባው ጫንኩበት። ያሲን ሮጦ መጣ።

«ለእኔ ከሆነ ተው» አለ። «እሳት መጠየቅ ነውር ነው ብለህ የጻፍከውን አንብቤያለሁ። እንደ እናንተ ጥሬውን እበላለሁ።»

«አንተ አልጠየቅክም እኮ፤ እኔ ነኝ የሰጠሁህ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እየፈተንከኝ ነው?»

መልስ ሳልሰጠው የፍርግርጉ ቀለም ጋየ። የወጣው ጭስ አረንጓዴ ይሁን ጥቁር ለመለየት ጊዜ አልነበረም፤ ቤቱ ተቃጠለ ያለ አንድ ሰው ነው መንደሩን የጠራው። ወጣቶቹ በአንድ ለአምስት የተደራጁ ይመስል ጀሪካን ጀሪካን ይዘው ደረሱ። ጀሪካኖቹ ሁሉ ከእኔ ሱቅ የተገዙ ናቸው፤ ውኃ እንደማያፈሱ ብዙ ጊዜ ማሻሻጫ አድርጌ ምዬባቸዋለሁ፣ እውነትም አንዲት ጠብታ ሳትባክን ሁሉም እሳቱና እኔ ላይ አረፈ። አመድና ውኃ ሆኜ ቆምኩ።

ያሲን የጠፋውን እሳት አየ። ከዚያ እኔን አየ። የምክሩ ሁሉ ክር የተበጠሰው ያኔ ይመስለኛል። «እንዲህ ነው እሳት የሚነደው?» አለ። «እንደ ቆሻሻ ክምር? በቀለም ብረት?» እጅጌውን ሰብስቦ ፍርግርጉን በእንጨት አንስቶ ከአጥሩ ሥር ወረወረው። ደረቅ ፍልጥ መርጦ እንደገና አነደደ። እርጥብ የወይራ ዘንግ ቆርጦ ሾል አድርጎ ጠረበ። ሥጋውን ሰካክቶ ሲያበቃ ግን እሳት ላይ አላደረገውም፤ ቆመ። ጎረቤቱም ዙሪያውን ቆመ። ጊዜው ሄደ፤ እንጨቱ ይነዳል፣ ያሲን ያያል፣ እኛም እናያለን።

«እንጨቱን ነው የሚበላው?» አሉ ሐጂ ሱሩር።

ያን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ወጣች። እንግዳዋ፣ ያውም በሽተኛው፣ በጭስ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ አየች። «እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» ብላ ጮኸች። «የታመመ ሰው ምግብ ሲያበስል ቆማችሁ ታያላችሁ?»

«እማዬ» አልኳት፤ ሌላ መውጫ አልነበረኝም። «አልታመመም።»

«አልታመመም? ታዲያ አጥሚቱን ለምን ጠጣው?»

«እምቢ አትበል ብዬው ነው።»

ሐዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ግድግዳ ተደገፈች። ሐጂ ሱሩር ዳኝነት ያዙ። «ሥጋውስ?»

«በአገራቸው እንግዳ ሥጋውን ይዞ ነው የሚሄደው።»

«ባለቤቱ ታዲያ ምን ያቀርባል?»

«እሳት።»

ሐጂ ሱሩር ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡበት። «እሳቱንም ይዘህ ና አለማለታቸው ጥሩ ነው» አሉ።

እናቴ ይህን ክርክር አልሰማችም። ሄዳ ዘንጉን ከያሲን እጅ ልትቀበል ያዘችው። ያሲን አልለቅም አለ። በትህትና ነው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፤ ግን አልለቀቀም። እሷ «እንግዳ አይሠራም» ትላለች በአማርኛ። እሱ «የእኔን እሳት ማንም አይነካም» ይላል በእንግሊዝኛ። ልተርጉም ብዬ አፌን ስከፍት ሁለቱም በአንድ ጊዜ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። እናቴ ጥቂት ታገለችና ተወችው፤ ዞራ ገባች። ተቀየመች፣ በቃ አለቀ ስንል ከሰንጋችን ሻኛ አንድ ትልቅ ቁራጭና የተነጠረ ቅቤ በጣባ ይዛ ተመለሰች። ሥጋውን ሰጠችው፤ ከራሷ ቤት ሰንጋ መሆኑን በጣቷ እያሳየች። እሱ ፍሙ ላይ አደረገ። እሷ የእንሰት ቅጠል ጠምዝዛ ቅቤ እየነከረች ታርከፈክፍለት ጀመር። ቅቤው ፍሙ ላይ ጠብ ሲል የሚወጣው ሽታ! የዚያን ሽታ ነገር ለመጻፍ እንግሊዝኛዬም አማርኛዬም አይበቃም። ያሲን ዓይኑን ጨፈነና የሆነ ነገር ተናገረ። እሷም አንገቷን ነቀነቀች። ምን እንዳላት አታውቅም፤ እኔም አልሰማሁም።

ሥጋው ደረሰ። ያሲን ለሐጂ ሱሩር ሰጣቸው፣ ለሐዋ ሰጣት፣ ለጎረቤቱ አደለ፣ አመድ የሞላብኝን እኔንም አልረሳኝም። ለእናቴ ከሁሉ የተመረጠውን በቆጮ ላይ አድርጎ ዘረጋላት።

«እሱስ?» አለች።

ጠየቅኩት። «እሳት የያዘ ሰው መጨረሻ ነው የሚበላው» አለኝ። «ሁሉም ሳይበላ እኔ ብበላ አባቴ ከመቃብር ይነሳብኛል።»

ነገርኳት። ሳቀች፤ ግን እጇን አልዘረጋችም። «እንግዳ ሳይበላ እኔ አልበላም በለው። በዚህ ቤት እንዲህ ተደርጎ አያውቅም።»

ነገርኩት። እሱም እጁን አላጠፈም። «እሷ ሳትበላ አልበላም» አለ።

ቁጭ አለ ነገሩ። ሐጂ ሱሩር ገብተው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይብሉ ብለው ፈረዱ፤ ሁለቱም ይግባኝ አሉ። ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው። እሱ ከማለዳ ጀምሮ ከአጥሚት በቀር ምንም አልቀመሰም፤ ሆዱ ሲጮህ ሁላችንም ሰማን። እናቴም ሰማች። ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ እኮ ከአባታችሁ በኋላ...» አለችና አቆመች።

ይህን አልተረጎምኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰጠው ምክር አልነበረኝም። ሐዋ እጄን ያዘችኝ። ያሲን ምንም አያውቅም፤ ቆጮውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ልጅ አንጋጦ ያያታል። በቤቷ የተራበ እንግዳ ቆሟል፣ የሚበላው ደግሞ እሷ ከበላች ነው።

«እሺ፣ ልጁ በረሃብ ከሚሞትብኝ» አለች። «ቢስሚላህ።» ቆጮውን በሥጋው ላይ አጠፈችና ወደ አፏ አስገባች። ቀስ ብላ አላመጠች። ሐጂ ሱሩር ሳይቀሩ የጎረሱትን ማላመጥ አቆሙ። እኔ ፊቴን ወደ ጭሱ አዞርኩ፤ ስለ ዓይኔ ቢጠይቁኝ ጭስ ነው ልል።

ዋጠችና ያሲንን አየችው። «ጨው አንሶታል በለው» አለች።

ነገርኩት። ያሲን ሳቀና መጉረስ ጀመረ። ሐዋ ጨው ልታመጣ እየሮጠች ገባች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እናቴ ጨውን ነስነስ አደረገችና፣ ልኩን መሆኑን ለማየት ነው ብላ፣ ሁለተኛውን ቁራጭ አነሳች።